መልስ ስላልሰጡ ሐኪሞች

ደብዳቤ የተላከለት ሰው ሁሉ መልስ አይሰጥም። ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ እንደ አዲስ ነገር ሊጻፍ ባልተገባው ነበር። ነገር ግን መንግሥታትና የትምህርት ሊቃውንት ስለ ሕዝብ ጤና ከሚያውቁት ነገር አንዱን ክፍል የሚያገኙት፣ የጥያቄ ወረቀት አትመው ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለአዋላጆች በፖስታ በመላክ፣ ተሞልቶ የተመለሰውንም በመቍጠር ነው። በዚህ ቍጥር ላይ ተመሥርቶ የሚወጣ ደንብ፣ የሚመደብ ገንዘብ፣ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። እንግዲህ ከተላከው ስንቱ ተመለሰ፣ ያልመለሱትስ እነማን ናቸው ብሎ መመርመር የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት መልስ ለማይሰጠው ሰው መሸሸጊያ ሆኖታል። ሌላው ተረት ደግሞ ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ዐሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ዝምታ ዝም ላለው ሰው ስለሚያመጣለት ጥቅምና ጕዳት ነው። ዝምታው በጠያቂው ላይ ስለሚያመጣው ስሕተት ግን አንዱም አይናገርም። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ በቀረው ነገር ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እንለምናለን።

በሕክምና ታሪክ እጅግ ከታወቁት የፖስታ ጥያቄዎች አንዱ በ1951 በኦክቶበር ወር መጨረሻ ከሎንዶን የተላከው ነው። የላኩትም ሪቻርድ ዶል የተባለ ሐኪምና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለ የስታቲስቲክስ መምህር ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አስቀድመው በ1950፣ 709 የሳንባ ካንሰር በሽተኞችን በሌላ ደዌ ከተያዙ 709 በሽተኞች ጋር አመዛዝነው፣ ትምባሆ ማጤስ ለዚህ በሽታ ዋና ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ብዙ ሰው ግን ነገሩን አልተቀበለውም። የታመመ ሰው ያለፈውን ኑሮውን ሲያስታውስ ይሳሳታል፤ ጠያቂውም በሽታውን አስቀድሞ ስላወቀ ወደሚፈልገው መልስ ሊመራው ይችላል የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ ሊቃውንት መንገዱን ገለበጡት፤ ይኸውም ገና ያልታመሙ ሰዎችን ዛሬ ጠይቆ፣ መልሳቸውን ጽፎ፣ የሚመጣውን በትዕግሥት መጠበቅ ነው።

ለዚህም ሥራ የአገሩን ሐኪሞች መረጡ። ሐኪም ስሙም አድራሻውም በሐኪሞች መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቢሞትም መሞቱ ሳይታወቅ አይቀርም፤ የተጠየቀውንም ነገር አስተውሎ ይመልሳል ተብሎ ተስፋ ይደረግበታል። በብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ረዳትነት ወደ 59,600 ለሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ሐኪሞች ወረቀቱ ተላከ። ጥያቄዎቹ በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ሐኪሙ ዛሬ ያጤስ እንደ ሆነ፣ ወይም አጢሶ ተወ እንደ ሆነ፣ ወይም ከቶ አጢሶ የማያውቅ እንደ ሆነ ያመለክታል፤ የሚያጤስም ከሆነ በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚያጤስ ይጽፋል። ስለሚበላው ምግብ፣ ስለሚጠጣው መጠጥ፣ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ዕድሜ አልተጠየቀም። ጠያቂዎቹ ይህን ሁሉ ለማወቅ ሳይመኙ ቀርተው አይመስለንም፤ ነገር ግን ብዙ የሚጠይቅ ጥቂት እንደሚመለስለት ዐውቀው ራሳቸውን ገቱ።

ከተላከው ውስጥ 41,024 ወረቀት ተመለሰ። ይህም ከመቶ 69 እጅ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ፣ ዕድሜያቸው 35 ከሞላና ወረቀቱን ከመለሱት ወንዶች መካከል 789 ሞተው ነበር፤ ከእነዚህም 36ቱ የሞቱት በሳንባ ካንሰር ነው። ከ36ቱም መካከል ትምባሆ ያላጤሰ አንድ እንኳ አልተገኘም። በቀን የሚያጤሱት እየበዛ በሄደ መጠን ሞቱም እየበዛ ሄደ። ይህ ነገር በጁን 26 ቀን 1954 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ስላልመለሱት ሰዎች የሚናገረውን ክፍል ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ከ59,600 ላይ 41,024 ቢቀነስ 18,576 ይቀራል። እነዚህ 18,576 ሐኪሞች ዝም አሉ። ጠያቂዎቹ የመለሱትን ሐኪሞች ሞት ከአገሩ ሐኪሞች ሁሉ ሞት ጋር ባመዛዘኑት ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመለሱት ሰዎች ሞት ከሁሉ ይልቅ በጣም አንሶ አገኙት። በኋላ ግን ዓመት በዓመት እየተጨመረ ልዩነቱ ጠበበ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በጽኑ ታሞ በአልጋው ላይ የተኛ ሐኪም ስለ ሲጃራው የሚጠይቅ ወረቀት አይሞላም። ስለዚህ ከመለሱት ሰዎች ዝርዝር ሞት የተቃረበባቸው ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ጐድለው ነበር ማለት ነው።

ይህ ጕድለት የሁለቱን ሊቃውንት ሥራ አላፈረሰውም። እነርሱ የፈለጉት ከመለሱት መካከል የሚያጤሰውን ከማያጤሰው ጋር ማመዛዘን ስለ ነበረ፣ የታመሙትም ከሁለቱም ወገን ስለ ጐደሉ፣ ሚዛኑ ያን ያህል አልተዛባም። ነገር ግን በዚያው ወረቀት ላይ ተመሥርተው ከብሪታንያ ሐኪሞች በዓመት ስንቱ ይሞታል የሚለውን ቈጥረው ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪም መሆን ዕድሜ ያስረዝማል የሚል ሐሰት በጻፉ ነበር። አንዱ ወረቀት ለአንዱ ጥያቄ እውነተኛ ምስክር፣ ለሌላው ጥያቄ የሐሰት ምስክር ሊሆን መቻሉ እጅግ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሹማምንት ከበታቾቻቸው የቍጥር ሰንጠረዥ በቀረበላቸው ጊዜ አስቀድሞ ሊጠይቁት የሚገባቸው፣ ይህ ቍጥር ማመዛዘኛ ነው ወይስ መቍጠሪያ የሚለውን ነው።

በአሜሪካም የዚህን ዓይነት ነገር ያጋጠማቸው ሰዎች አሉ። በ1982 አስፕሪን የተባለው መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምን ይከለክል እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ለ261,248 ወንዶች ሐኪሞች ደብዳቤ ተላከ። መልስ የሰጡት 112,528 ሲሆኑ፣ ይህም ከግማሽ በታች ነው። ከእነዚህም ፈቃደኞች የሆኑት 59,285 ነበሩ፤ ከልዩ ልዩ ምርመራ በኋላ በመጨረሻ የተወሰዱት 22,071 ናቸው። እነዚህ በዕጣ ተከፍለው እኩሌቶቹ አስፕሪን፣ እኩሌቶቹ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ይውጡ ጀመር። አስፕሪን የዋጡት በመጀመሪያ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያዙት ቍጥር ከመቶ 44 እጅ ያህል አነሰ። (ይህ ስለ ተባለ ግን ማንም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አስፕሪን እንዳይጀምር፤ የመድማት ጕዳት ስላለው የዛሬ ሐኪሞች ለጤነኛ ሰው ሁሉ አያዝዙትም።) ነገር ግን ጠያቂዎቹ ሊያውቁት ከፈለጉት ነገር አንዱ፣ ይኸውም መድኃኒቱ በልብ በሽታ መሞትን ይቀንስ ወይም አይቀንስ እንደ ሆነ፣ ሳይታወቅ ቀረ። ፈቃደኞቹ ሐኪሞች እንዲህ ጤነኞች ስለ ነበሩ፣ ይሞታሉ ተብሎ ከተገመተው እጅግ ጥቂቶች ብቻ ሞቱ፤ ከጥቂት ሞትም እርግጠኛ ነገር ማውጣት አይቻልም። በአልጋ ላይ ያሉት፣ በሥራ የደከሙት፣ ስለ ጤናቸው ግድ የሌላቸው ሐኪሞች ደብዳቤውን ያስቀሩበት ቀን የዚያን ጥያቄ መልስ አብረው አስቀሩት።

ምናልባት አንድ ሰው፣ ብዙ ሺህ ሰው ከመለሰ የቀረው ቢቀር ምን ይጐዳል ይል ይሆናል። ስለ ሐኪሞች ባይሆንም፣ ይህን አሳብ ለዘለዓለም ያፈረሰ ነገር በአሜሪካ በ1936 ሆኖአል። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫ በቀረበ ጊዜ ወደ ዐሥር ሚሊዮን የሚሆን የጥያቄ ወረቀት በፖስታ በተነ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ተመለሰለት። በዚህም ተመክቶ አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ምርጫው በተቈጠረ ጊዜ ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከሁለት ክፍላተ አገር በቀር ሁሉን አሸነፈ። መጽሔቱ ስማቸውን የወሰደው ስልክና አውቶሞቢል ካላቸው ሰዎች መዝገብ ስለ ነበረ ድኾች ጐደሉበት፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገሩን በኋላ ዘመን የመረመሩት ሊቃውንት ግን፣ ወረቀቱ ከደረሳቸውም መካከል ሩዝቬልትን የሚጠሉት በትጋት ሲመልሱ የሚወዱት ዝም ማለታቸውን ገልጠዋል። ሁለት ሚሊዮን መልስ ብዙ ይመስላል፤ ከዐሥር ሚሊዮን ሲታይ ግን ሩብ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሉፕ የተባለ ሰው እጅግ ያነሰ ቍጥር ያላቸውን ሰዎች በጥንቃቄ መርጦ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

ወደ ሐኪሞች እንመለስ። በ1991 በሕክምና መጽሔቶች የወጡትን የፖስታ ጥያቄዎች ሰብስበው የመረመሩ ሊቃውንት በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአማካይ ከመቶ 60 እጅ ያህል እንደ ተመለሰ ገልጠዋል። የተጠየቁት ሐኪሞች ሲሆኑ ግን 54 ብቻ ነው፤ ሌሎች ሰዎች ሲሆኑ 68 ይደርሳል። በ2013 የታተመ ሌላ ምርመራም፣ በጤና ሥራ ያሉ ሰዎች ለሚላክላቸው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጡ መሆናቸውን፣ በኢንተርኔት ሲጠየቁም በፖስታ ከተጠየቁት ይልቅ የሚመልሱት እጅግ እንደሚያንሱ አስረድቶአል። እኛ አዲሱ መንገድ አሮጌውን ፈጽሞ ያስቀረዋል ብለን ስንጠብቅ፣ ቴምብር የተለጠፈበት ወረቀት እስካሁን አልተሸነፈም።

ሐኪም ከሌላው ሰው ይልቅ ዝም የሚለው ስለ ምንድር ነው? ስንፍና ነው ማለት ቀላል ነው፤ እኛ ግን አናምንበትም። ሐኪም በየቀኑ የሚመጣለት ወረቀት ብዙ ነው፤ መድኃኒት የሚሸጡ ኩባንያዎች፣ መጽሔቶች፣ ማኅበሮች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይጽፉለታል። ብዙ ጊዜም ደብዳቤውን አስቀድሞ የሚከፍተው ጸሓፊው ነው፤ ጸሓፊውም ጌታውን ከድካም ለማዳን ሲል ከቅርጫት ይጥለዋል። ጠያቂው ይህን ሐኪም ዝም ካሉት ጋር ይቈጥረዋል፤ ሐኪሙ ግን መጠየቁንም አላወቀም። ደግሞ ጥያቄው ስለ ራሱ አሠራር ከሆነ፣ ይኸውም ስንት በሽተኛ እንደሚያይ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያዝዝ፣ ስሕተት አድርጎ ያውቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ከሆነ፣ መልሱ ወዴት እንደሚደርስ ሳያውቅ ቢጽፍ ሞኝ ነው።

እንዲመልስ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነም በግምት ሳይሆን በሙከራ ተመርምሮአል። በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ጽሑፍ 292 ሙከራዎችን፣ በጠቅላላውም ከ258,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁባቸውን፣ በአንድነት አመዛዝኖአል። ያገኘው ነገር ቀላል ነው። አጭር ወረቀት ከረጅም ይሻላል። በተጠያቂው ስም የተጻፈ ደብዳቤ ይሻላል። ወረቀቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ ይመጣል ብሎ መንገር ይጠቅማል፤ ካልተመለሰም አስታዋሽ ደብዳቤ፣ ከእርሱም ጋር ሁለተኛ ቅጅ መላክ ይጠቅማል። መመለሻውን ፖስታ ቴምብር ለጥፎ መላክ ይጠቅማል። የልብን ምሥጢር የሚነካ ጥያቄ ግን መልስን ያሳንሳል።

የአስታዋሽ ደብዳቤን ነገር የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ በራሱ ላይ አይቶታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ገጽ የሞላ የጥያቄ ወረቀት ልኮለት ነበር። ነገ እሞላዋለሁ ብሎ በመሳቢያው ውስጥ አኖረው፤ ነገም ሁለት ወር ሆነ። ሁለተኛው ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ዐፍሮ በአንድ ማታ ሞላው። ሦስት ገጽ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይሞላው እንደ ነበረ በእውነት ይናገራል። ለመሥሪያ ቤቱም ይህን ጽፎ ላከ፤ ለዚህ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የገንዘብ ነገር ነው። ከወረቀቱ ጋር ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ መላክ፣ መልስህ ሲደርሰኝ እከፍልሃለሁ ብሎ ብዙ ከመስጠት ይበልጥ ይሠራል፤ ሐኪሞች ራሳቸው በተጠየቁባቸው ሙከራዎች የአንድ ዶላር ኖት እንኳ ጠቅሞአል። አንድ ዶላር ለሐኪም ምኑ ነው? አባቶቻችን ቢጠየቁ ግን አይደነቁም ነበር፤ እጅ መንሻ የሚባለውን ያውቁታልና። ከታላቅ ሰው ዘንድ ባዶ እጅን መሄድ ነውር የሆነው ታላቁ ሰው ድኻ ስለ ሆነ አይደለም። ሆኖም በዚህ ላይ ልባችን ሙሉ አይደለም። መንግሥት ከግብር በተሰበሰበ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ሐኪም ኖት አያይዞ ቢጽፍ፣ ስጦታና መደለያ የሚለዩበት ወሰን ወዴት እንደሚሆን ለመናገር ይቸግራል። አጭር ወረቀት ማንንም አያሳማም፤ እኛም ከእርሱ ቢጀመር እንመርጣለን።

ጠያቂው የተጠያቂውን አክብሮት ካገኘ መልሱ ምን ያህል እንደሚሰፋ የአሜሪካ ነርሶች አሳይተዋል። በ1976 በሐርቫርድ የሚሠራ ፍራንክ ስፓይዘር የተባለ ሐኪም ወደ 170,000 ለሚሆኑ ባለ ትዳር ነርሶች የጥያቄ ወረቀት ላከ፤ ወደ 122,000 የሚሆኑትም መለሱ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ተጠይቀዋል፤ ከመቶ 90 እጅ የሚሆኑትም ለብዙ ዘመን ሳይታክቱ ሲመልሱ ኖረዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእግራችሁን ጥፍር ቈርጣችሁ ላኩልን ተባሉ። ያመነ ይመን፣ ከ60,000 በላይ የሚሆኑት ጥፍራቸውን በፖስታ ላኩ። በጥፍር ውስጥ የሚገኙትን ማዕድናት መዝኖ ሰው በምግቡ ያገኘውን ለማወቅ ስለሚቻል ነው። ለማያውቁት ሰው ጥፍሩን የሚልክ ማን ነው? እነዚህ ሴቶች ግን ለምን እንደ ተጠየቁ በሚገባ ተነግሮአቸው ነበር፤ ከመልሳቸው የተገኘውም ነገር በየጊዜው ተጽፎ ይደርሳቸው ነበር።

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን እንጂ በየቤቱ ደጅ ስላይደለ፣ ሕዝብን በፖስታ የመጠየቅ ልማድ አልተስፋፋም። ስለ ሕዝብ ጤና የሚደረገው ትልቁ ምርመራ የሚካሄደው ሠራተኛ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ነው። በ2016 በተደረገውም ከተጠየቁት ቤተ ሰቦች ከመቶ 98፣ ከሴቶች 95፣ ከወንዶች 86 መልሰዋል። እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር በሆነበት አገር ይህ አያስደንቅም፤ የወንዶቹ ማነስ ግን ያው የምንናገርለት ነገር ነው፤ ከቤት ያልተገኘው ማን ነው?

ከመሥሪያ ቤት ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል የሚወርደው የጥያቄ ወረቀት ግን ሌላ ነው። እርሱ የሚላከው በማኅተምና በቍጥር ነው፤ ያልመለሰ ይጠየቃል። ስለዚህ ሁሉም ሊመልስ ይችላል፤ ከመቶ መቶም ይሞላል። ይህን የሚያይ ሹም ደስ ይለዋል። ነገር ግን የታዘዘ ሰው ሁለት ዓይነት ዝምታ ያውቃል፤ አንደኛው ወረቀቱን አለመመለስ ነው፤ ሁለተኛው ጠያቂው የሚወደውን ጽፎ መመለስ ነው። የመድኃኒት እጥረት የለም፣ ሠራተኛው በሰዓቱ ይገባል፣ በሽተኛ ሳይታይ አይመለስም ብሎ የሞላ ሰው በእውነቱ ዝም ብሎአል፤ የእርሱ ዝምታ ግን በቍጥሩ ውስጥ እንደ መልስ ይገባል። በፈቃድ ከተመለሱ 60 ወረቀቶች የጐደሉትን 40 ቈጥሮ ለማወቅ ይቻላል፤ በትእዛዝ ከተመለሱ መቶ ወረቀቶች ግን ስንቱ ባዶ እንደ ሆነ የሚያስረዳ መዝገብ የለም። ዝም ያሉትን 18,576 የብሪታንያ ሐኪሞች ማንም አልከሰሳቸውም፤ ዝምታቸው ተጽፎ በመቅረቱ ግን ጠያቂዎቹ የመለሱት ሰዎች ሞት ያነሰበትን ምክንያት ለማወቅ ቻሉ።

ያ የ1951 ጥያቄ እስከ 2001 ድረስ በየጊዜው እየተላከ ቈየ። በሕይወት ካሉትም መካከል በየጊዜው የመለሱት ከመቶ 90 እጅ በላይ ነበሩ። በመጨረሻው ዓመት ከ34,439ኙ ወንዶች በሕይወት የነበሩት ወደ 6,000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ ታናሻቸው እንኳ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበረ። በጁን 26 ቀን 2004፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ልክ በ50 ዓመቱ፣ በዚያው መጽሔት የመጨረሻው ውጤት ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ያጤሰ ሰው ካላጤሰው ዐሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል፤ በ60 ዓመቱ የተወ ሦስት ዓመት፣ በ50 የተወ ስድስት፣ በ40 የተወ ዘጠኝ፣ በ30 የተወ ዐሥሩን ዓመት ሁሉ ያህል መልሶ ያገኛል። ሪቻርድ ዶል ይህን ሲያሳትም የ91 ዓመት ሰው ነበረ፤ እርሱም በወጣትነቱ ያጤስ ነበርና፣ የመጀመሪያውን ቍጥር ባየ ጊዜ ትቶ ነበር።